እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ትምህርቱን ልተወው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

31 ዓመቴ ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ከታላቅ ወንድሜና ከባለቤቱ ጋር ነው። ማታ ማታ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ እሠራለሁ። ቀን ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ፊዚካል ቴራፒ (ፒቲ) አሲስታንት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ረዳት ለመሆን እማራለሁ። ትምህርቱን የመረጥኩት ሥራ ቦታዬ ባየሁት ነገር ነው። ስትሮክ የመታቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። የሚያነሣቸው ሁለት ሰው ደግፎ ነበር። አንዲት የፒቲ አሲስታንት እየመጣች ስታሠራቸው ከረመች። አንድ ጠዋት በራሳቸው ከአልጋ ተነሥተው ወንበር ላይ ሲቀመጡ አየሁ። «እኔም ይህንን ነው መሥራት የምፈልገው» አልኩ።

በጽሑፍ ፈተና ጎበዝ ነኝ። ጡንቻው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ነርቭ እንደሚያዘው፣ መገጣጠሚያው ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ በቃሌ አውቀዋለሁ። የክፍሌ ልጆች የከበዳቸውን የሚጠይቁት እኔን ነው። ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ስገባ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ፕራክቲካል (የተግባር ፈተና) ነበረን። ለእኔ የደረሰኝ ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ በጎኒዮሜትር (ሁለት ክንድ ባለው የማዕዘን መለኪያ) መለካትና የፊት ጭን ጡንቻን ጥንካሬ በእጅ መፈተሽ ነው። ታካሚ ሆኖ የተኛልኝ ወንድ ነበር። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጥንቱን ዳስሼ ማግኘት አቃተኝ፤ ጠንከር አድርጌ መንካቱንም አፈርኩ። መሣሪያውን በግምት አስቀመጥኩት። መምህሯ «ስንት ሆነ?» ስትለኝ መጽሐፉ ላይ ያለውን 135 ዲግሪ ተናገርኩ። እሷ ስትለካው 118 ሆነ። ለካ ልጁ ድሮ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን ተጎድቶ ኖሯል። ወደቅኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና እፈተናለሁ። ያንንም ከወደቅኩ ኮርሱ እንደገና እስኪሰጥ አንድ ዓመት መጠበቅ አለብኝ።

እውነቱን ልንገርዎት፤ እንደሚገባኝ አልተለማመድኩም። ላቡ ለልምምድ የሚከፈትበት ሰዓት አለ፤ አልሄድም። ቁምጣና እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሼ መተኛት፣ ሌላ ሰው ሲነካካኝ ዝም ማለት ይከብደኛል። ቤት በሬን ዘግቼ በራሴ እግር ላይ ነው የምለማመደው። ለመምህሯ ብነግራት ኋላ ቀር የምትለኝ ይመስለኛል። ወንድሜ መውደቄን አያውቅም። ባለቤቱ ነርስ ስለሆነች ከመጀመሪያውም «ነርሲንግ ብትማሪ ይሻልሽ ነበር» ይለኛል። እጁ ለዚህ ሙያ ያልተፈጠረ ሰው ይኖር ይሆን? ትምህርቱን ልተወው?

ትዕግሥት ነኝ (ስሟ የተቀየረ)



ውድ እህቴ ትዕግሥት፣

ለወንድምሽ እንኳ ያልነገርሽውን ለእኔ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ይህን አስቀድሜ ልበልሽ፦ ከሁለተኛው ፈተና በፊት ምንም ነገር አታቋርጪ። አሁን ፈርተሻል፣ አፍረሻል፣ እንቅልፍም ያጣሽ ይመስለኛል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነሽ ስለ ትምህርትሽ ባትወስኚ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማታ ሥራ ላይ ስትሆኚ እጅሽ ይንቀጠቀጣል? ሰውነታቸው የከበደ አዛውንት ታገላብጫለሽ፣ ታጥቢያለሽ፣ ወገባቸው ላይ ቀበቶ አስረሽ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ታሻግሪያለሽ። ወንድም ሴትም አለበት። እዚያ የማይንቀጠቀጥ እጅ ላብ ውስጥ ከተንቀጠቀጠ ችግሩን እጅሽ ላይ አንፈልገው። መጦሪያው ውስጥ ሰውየው ይፈልግሻል፤ ለምን እንደምትነኪው ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ላብ ውስጥ ግን የተኛልሽ ልጅ ጤነኛ ነው፣ የክፍልሽ ልጅ ነው፣ መምህሯ ቆማ ታይሻለች፣ ቀጥሎ ደግሞ ተራው የአንቺ ነው። የሚያስጨንቅሽ መንካቱ ሳይሆን መታየቱ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን እስቲ አስቢበት።

ደብዳቤሽን ሳነብ ብዙ የቆየሁት 135 የሚለው ቁጥር ላይ ነው። አልወቅስሽም፤ ፍርሃት ነው ያናገረሽ። እኛ ባደግንበት ትምህርት ቤት ጎበዝ ማለት ሲጠየቅ ቶሎ የሚመልስ ነው። ዝም ያለ አላወቀም ይባላል። ስትጨነቂ አፍሽ የለመደውን አደረገ። መጽሐፉ የሚነግርሽ ግን የብዙ ሰው ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ ነው። የዚያ ልጅ ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚያውቀው እዚያው ቦታ ላይ ያረፈ እጅ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ተራ የፈተና ጉዳይ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ ታካሚውን መጀመሪያ መርምሮ የሕክምናውን ዕቅድ የሚያወጣው ፊዚካል ቴራፒስቱ መሆኑን ተምረሻል። አሲስታንቷ በእሱ ቁጥጥር ሥር ዕቅዱን በሥራ ላይ ታውላለች፣ ትለካለች፣ ትመዘግባለች። ቴራፒስቱ «እንቀጥል» ወይም «እንቀይር» የሚለው አሲስታንቷ የጻፈችውን አይቶ ነው። ጉልበታቸው በቀዶ ጥገና የተቀየረላቸው አንዲት እናት 85 ዲግሪ ላይ ቆመው ሳለ 110 ብትጽፊ፣ ጉልበታቸው እየደረቀ መሆኑን ማን ያውቃል? ከዝቅተኛ ወንበር በቀላሉ ለመነሣት ጉልበት ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍ አለበት። እኚያ እናት መጸዳጃ ቤት ተቀምጠው መነሣት ያቅታቸዋል፤ ፋይላቸው ላይ ግን ደህና ናቸው። ሥራ ቦታሽ ያየሻት አሲስታንት እኚያን አዛውንት ያስነሣቻቸው፣ ዛሬ ምን እንደቻሉና ምን እንዳልቻሉ በየዕለቱ በትክክል ስለምታውቅ ጭምር ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት እንድትለማመጂ የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ቦታውን በትክክል አላገኘሁትም፤ እንደገና ልለካ።» በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብለሽ፣ አፍሽ እስኪለምደው በዪው። በሰለጠነ እጅም ቢሆን ጎኒዮሜትር 5 ዲግሪ ያህል ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል፤ መምህርሽ ይህን ታውቃለች። የምትጠብቀው የለካሽውን እንድትነግሪያት ነው።

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ። ኋላ ቀር አይደለሽም። ሃይማኖትም ይሁን ባህል ወይም የራስሽ ጠባይ፣ ሰውነትን ለማያውቁት ሰው ገልጦ መተኛት ብዙ ሰው ይከብደዋል። እዚያው አሜሪካ ተወልዶ ያደገውንም ጭምር። ሙያው ራሱ ለዚህ ነው ሕግ ያወጣለት። የሚፈተሸው ክፍል ብቻ ይገለጣል፣ ሌላው በአንሶላ ይሸፈናል፤ ከመንካትሽ በፊት ምን ልታደርጊ እንደሆነ ትነግሪያለሽ፣ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ። አንቺ ታካሚ ሆነሽ ስትተኚም ይህ ሁሉ ይገባሻል። ለመምህርሽ «መጀመሪያ ከሴት ልጅ ጋር ብለማመድ፣ መጋረጃ ያለበት አልጋ ላይ ቢሆን፣ ሰፋ ያለ ቁምጣ ብለብስ» ብትያት ያልተለመደ ጥያቄ አይሆንባትም። ነገር ግን ወንዶችን እስከመጨረሻው መሸሽ አትችዪም፤ ክሊኒክ ስትገቢ የሚመጡት ሁለቱም ናቸው። እጅሽ ከሴቶች ጋር ሲረጋጋ ከፈተናው በፊት ቢያንስ ከአንድ ወንድ ጋር ተለማመጂ። ያ የወደቅሽበት ልጅ ፈቃደኛ ቢሆን ደግሞ ከማንም ይሻላል። ጉልበቱ እንደ መጽሐፉ የማይታጠፍ ሰው ማግኘት ለተማሪ ትልቅ ዕድል ነው።

ራስሽ መተኛትሽም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው። ቀዝቃዛ እጅ ሲያርፍብሽ ምን ይሰማሻል? የሚያመነታ ጣት ጫፍ ጫፉን ሲነካካሽስ? ያሳክካል፤ ያሳቅቃል። መዳፉን ዘርግቶ ጸንቶ የሚይዝሽ ሰው ግን ያረጋጋሻል። አንቺ ላለማስጨነቅ ብለሽ ቀለል አድርገሽ የነካሽው ልጅ ከዚያ የበለጠ የተጨነቀ ይመስለኛል። ይህን በራስሽ ሰውነት እስካላየሽው ድረስ የእኔ መናገር ብዙም አይጠቅምሽም።

«እጁ ለዚህ ሙያ ያልተፈጠረ ሰው ይኖር ይሆን?» ብለሻል። አገር ቤት ሰው ወለም ሲለው ወጌሻ ጋር ይሄዳል። የጎበዝ ወጌሻ እጅ ቀጥታ የሚያመው ቦታ ላይ ሲያርፍ ሰው «እጁ የተባረከ ነው» ይላል። እጁ ግን የሰለጠነው ስንት ቁርጭምጭሚትና ስንት ትከሻ ዳስሶ ነው። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እግር ደም አጥቶ የተቆረጠበት ልጅም አለ፤ የአንቺ መጽሐፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መጽሐፉን ይዘሻል። የቀረሽ ብዙ ሰው መንካት ነው፤ በር ዘግቶ የራስን እግር መዳሰስ ይህን አይሰጥም። የራስሽን ጉልበት ስትለኪ ጎንበስ ትያለሽ፣ ጡንቻሽ ይወጠራል፣ መሣሪያውንም በትክክል ማየት አትችዪም።

ከየት ልጀምር ካልሽኝ፣ ብዙ መንካት ከማይፈልገው ጀምሪ። ተነሥቶ የመሄድ ፈተናውን ታውቂዋለሽ፤ ሰው ከወንበር ይነሣል፣ 3 ሜትር ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ይቀመጣል። አንቺ ሰዓት ትይዣለሽ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የወሰደበት አረጋዊ የመውደቅ ሥጋት ሊኖርበት ይችላል ይላል የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ። ይህን ስትሠሪ ሰውን ማዘዝና መከታተል ትለምጃለሽ፤ ድምፅሽም ይከፈታል። አጠገባቸው ተጠግተሽ መሄድን ብቻ አትርሺ።

ቀጥሎ ጎኒዮሜትሩን አስቀምጪና በባዶ እጅ አጥንት ፈልጊ። ለጉልበት የሚያስፈልጉሽ ሦስት ቦታዎች ናቸው። ከዳሌ በታች በጎን በኩል ጎላ ያለው አጥንት ብዙ ተማሪ የሚያስቸግረው ነው። መዳፍሽን ጎኑ ላይ አሳርፊና እግሩን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እንዲያዞር ንገሪው፤ አጥንቱ ከመዳፍሽ ሥር ሲንከባለል ይሰማሻል። ከጉልበቱ በውጭ በኩል ያለውን ደግሞ እግሩን አጥፎ ሲዘረጋ ፈልጊው። የውጭው ቁርጭምጭሚት በዓይንም ይታያል። ሦስቱን በሚታጠብ እስክሪብቶ ነጥብ አድርጊባቸው። ከዚያ የመሣሪያው መዞሪያ ጉልበቱ ላይ፣ የማይንቀሳቀሰው ክንድ ወደ ዳሌው ነጥብ፣ የሚንቀሳቀሰው ወደ ቁርጭምጭሚቱ። አንብበሽ ወዲያው ጻፊ፤ መጽሐፍሽ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ነጥብ ሳታደርጊ ማግኘት ስትጀምሪ ለፈተናው ተዘጋጅተሻል።

የጡንቻ ጥንካሬው ላይ ያለው ፍርሃትሽ ይገባኛል። ትንሽ እጅ ይዘሽ ትልቅ ጭን መግፋት ነውና። ከ0 እስከ 5 ያለውን መለኪያ በቃልሽ ታውቂዋለሽ፣ ስለዚህ አልደግምልሽም። በእጅ መፈተሹን ያስጀመረው ከ100 ዓመት በፊት በፖሊዮ ዘመን ቦስተን የነበረው የአጥንት ሐኪም ሮበርት ሎቬት ነው። በአብዛኛው ይፈተሽ የነበረው አቅም ያጣ የልጆች እግር ነበር፤ ፈተናው የጉልበተኞች ፉክክር ሆኖ አልተጀመረም። 3 ላይ ጀምሪ፤ ይኸውም የማንም እጅ ሳይገፋው የመሬት ስበትን ብቻ ተቋቁሞ መንቀሳቀስ ነው። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እስከ መጨረሻው መዘርጋት ይችላል ወይ? አይተሽ ብቻ ግማሹን መልስ አገኘሽ። ካልቻለ በጎኑ ታስተኚውና የመሬት ስበት ሳይከብደው ትሞክሪዋለሽ። ከቻለ አንድ እጅሽ ጭኑን ያረጋጋ፤ ሌላው ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ይያዝ። ክንድሽን ቀጥ አድርጊ፤ የሰውነትሽን ክብደት ቀስ በቀስ ጨምሪ። በክንድሽ ብቻ አትግፊ። «ያዘው፣ አትልቀቅልኝ» በዪው። ሁለተኛውን እግር ፈትሸሽ አወዳድሪ። የምትለማመጂበትን ሰው «ጠንከር ላድርግ ወይስ ይበቃል?» ብለሽ ጠይቂው፤ ልክሽን የሚነግርሽ እሱ ነው።

በማን ላይ? ወንድምሽ አለ፣ ባለቤቱ አለች፣ እሑድ ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች አሉ። ሽማግሌ ጉልበት፣ የሹፌር ጉልበት፣ የወለደች እናት ጉልበት ይለያያል፤ ያንን ልዩነት ነው እጅሽ የሚፈልገው። ሁለት ነገር ግን አደራ። ያመመው ቦታ ላይ አትለማመጂ፤ እኛ ሰዎች «ተማሪ ናት» ሲባል ወገባችንን ይዘን እንመጣለንና፣ ሕክምና እንዳትጀምሪ። መጦሪያው ውስጥ ባሉት አዛውንቶች ላይ ደግሞ በፍጹም አትሞክሪ። እዚያ ሲኤንኤ ነሽ፤ ከሥራሽ ወሰን ውጭ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ፕራክቲካሉ ቀን ከማታ ፈረቃ ነበር የመጣሽው? ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ፣ በባዶ ሆዱ ቡና የጠጣ ሰው እጁ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል? ለሚቀጥለው ፈተና የዋዜማውን ፈረቃ ከአንድ የሥራ ባልደረባሽ ጋር ዛሬውኑ ተለዋወጪ። የዚያ ቀን ክፍያ ቢቀርብሽም ይቅር።

ፈተናው ላይ ደግሞ እያወራሽ ሥሪ። እጅሽን ታጠቢ፣ ስሙንና የልደት ቀኑን ጠይቂ፣ የምትሠሪውን አስረጂ፣ ፈቃድ ተቀበዪ። ዊልቸር ካለ ፍሬኑን ያዢ። በብዙ ፕሮግራሞች ከእነዚህ የደኅንነት ነገሮች አንዱን የዘለለ ተማሪ ሌላውን ሁሉ ቢያሟላም ይወድቃል። አንቺ ግን ይህን በየሌሊቱ ትሠሪዋለሽ። መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ በዚህ ጀምሪና ቀስ በዪ፤ እጅሽ ሥራ ቦታው ያለ እንዲመስለው።

የወንድምሽን ነገር ሳስብ ክፉ አስቦልሽ አይመስለኝም። ባለቤቱ በነርስነት ቆማ ሲያያት ለአንቺም ያንኑ ተመኘ። ነርሲንግ ጥሩ ሙያ ነው፤ ወደሽው ከሆነ ሂጂበት። ከመንካት ለመሸሽ ከሆነ ግን እዚያም ያው የሰው ሰውነት ነው የሚጠብቅሽ። መውደቅሽን ለመናገር የሚመች ሰዓት እየጠበቅሽ ከሆነ እንዲህ አድርጊ፦ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ጎኒዮሜትሩን ይዘሽ ሳሎን ግቢና «ወንድሜ፣ አንድ ፈተና ወድቄያለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እደግመዋለሁ። ጉልበትህን እፈልገዋለሁ፣ ሶፋው ላይ ተኛልኝ» በዪው። ሊቆጣ ይችል ይሆናል። እየለካሽው ግን ብዙ መቆጣት የሚችል አይመስለኝም። ከባለቤቱም ቢሆን ብዙ ትማሪያለሽ፤ ነርስ ናትና የሰውን ገላ በእርጋታ መያዝ ታውቃለች።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ብትወድቂስ? ያማል፤ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከአሁኑ ሁለት ነገር ጠይቂ። የወደቀ ተማሪ በምን ሁኔታ ተመልሶ እንደሚገባ ከፕሮግራሙ በጽሑፍ ተቀበዪ። የፋይናንሻል ኤይድ (የትምህርት ገንዘብ እርዳታ) ቢሮውንም ሳታናግሪ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሚ። የፌደራል እርዳታ ወስደሽ ከሆነና ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሙሉ በሙሉ ካቋረጥሽ፣ ከገንዘቡ የተወሰነው ተመላሽ ሊሆን ይችላል። በንዴት አቋርጠው ዕዳ የተከተላቸው ተማሪዎች አሉ።

እጅሽ ተረጋግቶ፣ ሰው መንካቱንም ለምደሽው፣ ያን ጊዜም ሥራው ካላስደሰተሽ መተው ነውር የለውም። ያን ጊዜ ፍርሃት ሳይሆን አንቺ ትወስኛለሽ።

ዛሬ ማታ ሥራ ከመግባትሽ በፊት ለመምህርሽ አጭር ኢሜይል ላኪላት። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦ «ባለፈው ፈተና ላይ የተናገርኩት ቁጥር የለካሁት ሳይሆን መጽሐፉ ላይ ያለው ነው፤ ስለፈራሁ ነው፣ ይቅርታ። ልምምድ ላይ ታካሚ ሆኖ መተኛት ስለከበደኝ ወደ ላብ መምጣት አቁሜ ነበር። ከሴት ፓርትነር ጋር መጀመር እፈልጋለሁ። በዚህ ሳምንት 15 ደቂቃ ሰጥተሽ እጄን ብታዪልኝ?»